የሴል ጥናት በጎንደር፦ ከደም ጠብታ እስከ ሴል ሽፋን

የሴል ጥናት በጎንደር ከጤና ኮሌጁ ጋር አብሮ የተወለደ የትምህርትና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ሴል፣ በሌላ ስሙ ህዋስ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራበት ትንሹ አሃድ ነው። በሌላው ዓለም ትምህርቱ ሮበርት ሁክ በ1665 በአጉሊ መነጽር ባየው የቡሽ ቁራጭ ይጀመራል። ጎንደር ላይ የተጀመረው ግን በወባ ታማሚ ደም ነው ማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በእ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1953 ጎንደር አጠገብ ባለው በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። በእኛ አቆጣጠር አንዳንዱ 1946፣ አንዳንዱ 1947 ዓ.ም. ይለዋል፤ የኋለኛው ይበልጥ ተለምዷል። ኮሌጁን መንግሥት ያቋቋመው ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ነው። ወረርሽኙ ብቻውን ኮሌጁን አስከፈተ ማለት ባይቻልም ጎንደር ለምን ተመረጠች ሲባል ደምቢያ ሳይነሳ አይቀርም። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች፣ ቆይቶም የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች እዚህ ሠለጠኑ። ተማሪዎቹን በቡድን አሰባስቦ ወደ ገጠር ማሰማራቱ ዛሬም የጎንደር መለያ ነው፤ የተማረበት ሰው ሁሉ በኩራት ያነሳዋል። በ1958 ወባ የደጋውን ጠርዝ ሳይቀር አዳርሶ 150,000 ያህል ሰው ሲገድል ኮሌጁ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር።

የኮሌጁ የቀጣይ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው፦ በ1961 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ በ1978 በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ፤ በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

አንድ የላቦራቶሪ ተማሪ ስለ ሴል ሽፋን መጀመሪያ የሚማረው፣ ስሙን ሳያውቀውም ቢሆን፣ ከወባ ስላይድ ነው። ስሱ የደም ቅብ ከደረቀ በኋላ በሜታኖል እንዲጸና ይደረጋል፤ ቀይ ሴሎቹም ቅርጻቸውን ይዘው ይቀራሉ። ወፍራሙ ቅብ ግን ሜታኖል ሳይነካው ጊምዛ በተባለ፣ በውኃ በቀጠነ ማቅለሚያ ይቀለማል። ያን ጊዜ ውኃው ጨው ወዳለበት ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባል፣ ሴሉ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይፈነዳል፣ ሴሉን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ይታጠባል፤ የወባው ተውሳክ ብቻውን ቀርቶ ይታያል። ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ግሉኮስ በተራ ውኃ ሳይሆን 0.9 በመቶ ጨው ባለው ውኃ የሚሰጠውም፣ ወይም ራሱ ከደሙ ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ የሚዘጋጀው፣ በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽፋኑን ለመረዳት አተሞችና ሞለኪውሎች ከሚያያዙበት ትስስር መነሳት ይሻላል። ከአፋር ወጥቶ በጎንደር ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ የአዮናዊ ትስስር ምሳሌ ነው፦ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይሰጣል፣ ሁለቱም ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው አዮን ይሆናሉ፣ ይሳሳባሉም። ድንጋይ የሚያህል ነገር ወጥ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟው የውኃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን አንድ በአንድ ከበው ስለሚወስዷቸው ነው። በኮቫለንት ትስስር ደግሞ አተሞች ኤሌክትሮን ይጋራሉ። የሁለት ካርቦኖችን ትስስር ለመበጠስ በሞል 350 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ሲያስፈልግ፣ ውኃን ከውኃ ለሚያያይዘው የሃይድሮጅን ትስስር 20 ገደማ ይበቃል።

የሚያስገርመው ሽፋኑ በጠንካራው ትስስር አለመያዙ ነው። ፎስፎሊፒድ የሚባለው ሞለኪውል ውኃ ወዳድ ራስና ሁለት ቅባታማ ጭራዎች አሉት፤ ጎረቤቱ ከሆነው ፎስፎሊፒድ ጋር ኮቫለንት ትስስር የለውም። ውኃዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ጭራዎቹን ስለሚያገልሉ ጭራ ከጭራ ፊት ለፊት ገጥሞ ድርብ ንጣፍ ይሠራል። የሽፋኑ ውፍረት ከፕሮቲኖቹ ጋር ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ያህል ነው። ንጣፉ ድርብ መሆኑን ጎርተርና ግሬንደል በ1925 ያሳዩት ከቀይ የደም ሴል ያወጡትን ቅባት ለክተው ነው፤ እዚያም ነገሩ ከደም መነሳቱ ለጎንደር ሰው ደስ ይላል። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ንጣፉ እንደ ፈሳሽ እንደሚንሸራተትና ፕሮቲኖች በውስጡ እንደሚንሳፈፉ ጻፉ።

ለዚህ ፈሳሽነት ከቅቤና ከኑግ ዘይት የተሻለ ማስረዳት አይገኝም። ደባርቅ ላይ ድንጋይ የሆነ ቅቤ መተማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የኑግ ዘይት ግን ደባርቅም ላይ ይፈሳል። የቅቤው ቅባት ጭራዎች በብዛት ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ይደራረባሉ፣ የኑጉ ግን ጥንድ ትስስር ባለበት ቦታ ስለሚታጠፉ አይገጣጠሙም። በእኛ ሴል ውስጥ ኮሌስትሮል መሐል ገብቶ ንጣፉ እንዳይቀጥንም እንዳይጠጥርም ይዳኛል።

ፕሮቲኖቹ በሮችና ምልክቶች ናቸው። አንዱ ፓምፕ በአንድ ዙር 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። የአንጀት ሴል ሶዲየምንና ስኳርን በአንድ በር ስለሚያስገባ፣ ውኃም ስለሚከተላቸው፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስ ስኳርም ጨውም አለበት። ዳፊ የሚባለው የቀይ ሴል ፕሮቲን ደግሞ ቫይቫክስ ወባ የሚገባበት በር ነው። በምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው፤ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ስላለው በሽታው የተለመደ ነው። ሆኖም ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ተገኝቷል፤ ስለዚህ ሌላ በር ሳይኖር አይቀርም።

ጎንደር በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ስሟ የሚነሳው ግን ይበልጥ በካላዛር፣ ሊሽማኒያ የተባለ ተውሳክ በሚያመጣው በሽታ፣ ነው። ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ተነድፈው ጣፊያቸው አብጦ ይመለሳሉ፤ የዩኒቨርሲቲው የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ይቀበላቸዋል። አምፎተሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት ተውሳኩን የሚያጠቃው በሽፋኑ በኩል ነው፦ የሰው ሽፋን ኮሌስትሮል ሲኖረው የሊሽማኒያው ኤርጎስቴሮል አለው፣ መድኃኒቱም ይህንኛውን ይመርጣል። ምርጫው ፍጹም ስላልሆነ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ጉዳቱን ለመቀነስ በፎስፎሊፒድ ቅንጣት፣ በሊፖዞም፣ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ሚልቴፎሲንም ራሱ ፎስፎሊፒድ መሳይ ነው፦ አንድ ራስና 16 ካርቦን ያለው አንድ ጭራ። ኤችአይቪም ካላዛርም ላለባቸው ሰዎች ሁለቱን መድኃኒቶች አጣምሮ መስጠት በጎንደርና በአብደራፊ ተሞክሮ ውጤቱ ጥሩ ሆነ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ መከረው። ሊፖዞሙ ግን ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ የመተማ ቆላ ደግሞ ቅቤ የሚያቀልጥ አገር ነው።