የመድን ባለሙያውን የሚያሳስቱ የተለመዱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስጋት መዝኖ መድኑን የሚቀበለው አንደርራይተርም ሆነ የካሳ ጥያቄ የሚመረምረው የክሌም ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ባለመማሩ አይደለም። የተማረውን እፊቱ ካለው ፖሊሲ ጋር ባለማስተያየቱ ነው። ከዚህ በታች የተነሱት በሥልጠና ክፍልም፣ በቢሮም፣ በደንበኛ ፊትም ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች ናቸው።

«አዲሱ የንግድ ሕግ ስለወጣ የ1952ቱ ቀርቷል»

አልቀረም። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የተካው የ1952ቱን የንግድ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፎች ብቻ ነው። ከአንቀጽ 654 ጀምሮ የመድን ውል የሚገኝበት ሦስተኛው መጽሐፍ ዛሬም ይሠራል። የባሕር ጭነት መድን ደግሞ ለብቻው በባሕር ሕጉ ውስጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 746/2004ም ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ እሱ የሚመለከተው የመድን ሥራ ፈቃድን፣ ካፒታልንና የብሔራዊ ባንክን ቁጥጥር እንጂ ኩባንያውና መድን ገቢው የተዋዋሉትን አይደለም። አዲሱን አዋጅ ብቻ አሳትሞ ለሠልጣኝ የሚያድል ክፍል ሠልጣኙ በየቀኑ የሚፈልጋቸውን አንቀጾች ትቶበታል።

«ኤሲአይአይ የያዘ ሰው የትም አገር ያለ ችግር ይሠራል»

ኤሲአይአይ የለንደኑ ቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የሙያ ማዕረግ ነው። ኢንስቲትዩቱ ንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፈተናዎቹ ክብደትም የሚያጠያይቅ አይደለም። ነገር ግን የሕግ ክፍሉ የእንግሊዝ ሕግ ነው። የኛ የንግድ ሕግ ግን የፈረንሳዮቹ ኤስካራ እና ዦፍሬ ያረቀቁት፣ በአንቀጽ የተደራጀ ሕግ ነው። ስጋት መመዘን፣ አረቦን ማስላት፣ የጠለፋ መድን (መድን ሰጪው ራሱ የሚገባው መድን) አሠራር የትም ይሠራሉ። መድን ገቢው ምን የማሳወቅ ግዴታ አለበት፣ ግዴታው ሲጣስ ምን ይከተላል፣ ክስ በስንት ጊዜ ይታገዳል የሚሉት ግን ከአገር ውስጥ ሕግ ነው የሚነበቡት።

ሌላም አለ። እንግሊዞቹ ራሳቸው በ2015 የወጣውንና ከነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን የኢንሹራንስ ሕግ አውጥተው የዋራንቲን (መድን ገቢው በውሉ ላከብረው ብሎ የገባውን ቃል) ነገር ለውጠዋል። ቀድሞ ዋራንቲ ከተጣሰ መድን ሰጪው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ነጻ ይወጣ ነበር፤ አሁን ሽፋኑ የሚታገደው ጥሰቱ እስኪስተካከል ነው። በየቢሮው ፎቶ ኮፒ እየተደረገ የሚዞረው አሮጌ መጽሐፍ እንግዲህ ለእንግሊዝም አይሆንም። ቅጂውን ከማጥናት በፊት የታተመበትን ዓመት ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከስም ቀጥሎ የሚጻፉት ፊደላትም አንዴ ተገኝተው የሚቀሩ አይደሉም፤ አባልነት በየዓመቱ ይታደሳል። «ቻርተርድ» የሚለው ማዕረግ ደግሞ ከፈተናው በተጨማሪ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድና ቀጣይ ሙያዊ ትምህርት ይጠይቃል።

«ድርጅታችን የአይኤስኦ 31000 ሰርተፊኬት አለው»

እንዲህ ያለ የድርጅት ሰርተፊኬት በደረጃው አልታሰበም። መጀመሪያ በ2009፣ ተሻሽሎ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የስጋት አስተዳደር ደረጃ መመሪያ ሰጪ እንጂ ኦዲት ተደርጎ የሚመሰከርበት አይደለም። ግለሰቦች የሚይዙት ወረቀት የአሠልጣኙ ተቋም ነው። ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ በጨረታ ሰነድ ላይ «ድርጅቱ ተመስክሮለታል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ስህተት ነው።

«የስጋት ነጥብ ማለት ዕድል ሲባዛ በጉዳት ነው፤ አለቀ»

ዕድልና ጉዳት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 በሚመዘኑበት በአምስት በአምስቱ ሠንጠረዥ ላይ በየሳምንቱ የሚጠፋ ጥቃቅን ዕቃ 5 በ1፣ ከስንት ዘመን አንዴ መጋዘኑን የሚያወድም እሳት 1 በ5 ያገኛሉ። ሁለቱም 5። የመጀመሪያውን ድርጅቱ ከኪሱ ይሸፍነዋል፤ ሁለተኛው ድርጅቱን ይዘጋዋል። ስለዚህ የጉዳቱ መጠን ለብቻው ይታይ፤ መድን የሚገዛው በዋናነት ለእሱ ነው።

«ጉዳቱ ከመድን መጠኑ እስካልበለጠ ድረስ ሙሉው ይከፈላል»

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር እንየው። አንድ ፋብሪካ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ማሽን አለው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና ማሽኑ በ28.5 ሚሊዮን ብር መድን ተገባለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ተለውጦ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ጀመረ፤ ዶላርም ከመቶ ብር አለፈ። ለስሌት 125 ብር እንያዝ፤ የማሽኑ ዋጋ፣ እርጅናውን ለጊዜው ትተን፣ 62.5 ሚሊዮን ብር ሆነ። ፖሊሲው ግን በየዓመቱ በዚያው በ28.5 ሚሊዮን እየታደሰ ነው።

እሳት ተነስቶ የ10 ሚሊዮን ብር ጉዳት ደረሰ እንበል። ባለቤቱ «28.5 ሚሊዮን ገብቻለሁ፣ 10 ሚሊዮን ምን አላት» ይላል። በፖሊሲው ላይ የአቬሬጅ አንቀጽ (የመድን መጠኑ ከዕቃው ዋጋ ካነሰ ካሳውም በዚያው ልክ የሚያንስበት) ካለ ስሌቱ ሌላ ነው፦ 10 ሚሊዮን ሲባዛ በ28.5፣ ሲካፈል ለ62.5። ውጤቱ 4.56 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚያ ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚችለው ኤክሰስ ይቀነሳል። ቀሪው 5.44 ሚሊዮንና ኤክሰሱ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። ዋጋው የሚመዘነው ዕቃው በተገዛበት ቀን ሳይሆን አደጋው በደረሰበት ቀን ነው፤ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 678ም ካሳን የሚለካው በዚሁ ቀን ዋጋ ነው።

ስህተቱ የሚሠራው አደጋ ሲደርስ ሳይሆን ዕድሳት ላይ ነው። የዕድሳት ማስታወቂያው ያለፈውን ዓመት ቁጥር ይዞ ይወጣል፣ ደንበኛው አረቦኑ ስላልጨመረ ደስ ብሎት ይፈርማል። ከማደሱ በፊት ለዋና ዋና ማሽኖች አዲስ ፕሮፎርማ ማስመጣት፣ በዕለቱ ምንዛሪ መምታት፣ ማጓጓዣውን፣ ቀረጡንና የተከላውን ወጪ መደመር ያስፈልጋል። በፖሊሲው ዘመን ውስጥ ለሚመጣ የዋጋ ንረትም በመቶኛ የሚጨመር ሽፋን መጠየቅ ይቻላል። በአዲስ የመተካት ውል የተገባ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ፖሊሲዎች የመድን መጠኑ የመተኪያውን ዋጋ 85 በመቶ ከደረሰ ቅነሳውን ይተዉታል፤ ይኼ በጽሑፍ መኖሩ ይረጋገጥ።

«ለሥራ መቋረጥ መድን ግሮስ ፕሮፊቱን ከሒሳብ ክፍል መቀበል ይበቃል»

ይህ መድን አደጋ ሥራን ሲያቋርጥ የሚቀረውን ግሮስ ፕሮፊት (ጥቅል ትርፍ) ይክሳል። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ከሽያጭ ላይ ጥሬ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የማምረቻ ደመወዙን፣ የፋብሪካ ኪራዩን፣ ሌላውንም የምርት ወጪ ይቀንሳል። ፖሊሲው የሚቀንሰው ግን ሽያጭ ሲቆም አብረው የሚቆሙትን፣ በፖሊሲው ላይ የተዘረዘሩትን ወጪዎች ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ ዕቃና ማሸጊያ።

ሽያጭ 60 ሚሊዮን፣ ጥሬ ዕቃ 30 ሚሊዮን፣ የማምረቻ ደመወዝና ኪራይ 12 ሚሊዮን ይሁን። የሒሳብ ክፍሉ 18 ሚሊዮን ይላል፤ በፖሊሲው ትርጉም ግን 30 ሚሊዮን ነው። በ18 ሚሊዮን መድን ተገብቶ ከአደጋ በኋላ ሽያጭ በ10 ሚሊዮን ቢወርድ፣ ኪሳራው የዚያ 50 በመቶ፣ 5 ሚሊዮን ብር ነው። የሚከፈለው ግን በ18 ተባዝቶ ለ30 ተካፍሎ 3 ሚሊዮን። ሠራተኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ደመወዝ ሲጠብቅ የጎደለው ሁለት ሚሊዮን ይታወቃል።

የካሳ ጊዜውም፣ ማለትም ከአደጋ በኋላ ኪሳራው የሚካስበት የወር ብዛት፣ ይታሰብበት። 12 ወር የተለመደ ስለሆነ ብቻ ይጻፋል፤ የውጭ ምንዛሪ ተፈቅዶ፣ በባንክ ኤልሲ (የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ተከፍቶ፣ ማሽን ተሠርቶና ተጭኖ መጥቶ እስኪተከል፣ ከዚያም የሄደው ደንበኛ እስኪመለስ ድረስ ያለውን ወር ቆጥሮ 18 ወይም 24 ማድረግ ይሻላል። ጊዜው 24 ወር ከሆነ የመድን መጠኑም የሁለት ዓመት ይሆናል።

«ክሎዝ ኤ ሁሉንም ይሸፍናል፣ እስከ መጋዘናችን»

ከመደበኛ የጭነት መድን ውሎች ሰፊውን ሽፋን በሚሰጠው በኢንስቲትዩት ካርጎ ክሎዝ ኤ ላይ እንኳ የማሸጊያ ጉድለት፣ የዕቃው የራሱ ተፈጥሯዊ ባሕርይ፣ መዘግየት ያስከተለው ኪሳራ፣ ጦርነትና አድማ አይሸፈኑም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለብቻቸው ይገዛሉ፤ ተገዝቶም የጦርነቱ ክሎዝ የሚሠራው በመሠረቱ ዕቃው መርከብ ላይ እያለ ነው። ከጂቡቲ ወዲህ ያለው የየብስ መንገድ በእሱ አይጠበቅም። ሁከትና የሽብር ድርጊት የሚታዩት በአድማው ክሎዝ ነው።

ለኛ አስመጪ ከሁሉ የሚከፋው የቀን ቆጠራው ነው። ዕቃው የመጨረሻ ማራገፊያ ወደብ ላይ ከመርከብ ወርዶ ካለቀበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ሲሞላ፣ መጋዘን ባይደርስም፣ ሽፋኑ ያበቃል። የኛ ማራገፊያ ወደብ ጂቡቲ ናትና ሰነድ ሲጓተት ወይም ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲተኛ ቀኑ ይቆጠራል። አስመጪው ራሱ ኮንቴይነሩን ለማከማቻ ልጠቀምበት ካለ ደግሞ 60ውም አይጠበቅም። ስለዚህ የማራገፊያው ቀን በፋይሉ ሽፋን ላይ ተጽፎ፣ በ45ኛው ቀን ገደማ ማራዘሚያ በደብዳቤ ይጠየቅ፤ ከ60 በኋላ የመጣን ጥያቄ መድን ሰጪው የመቀበል ግዴታ የለበትም።