ስንዴና ውሃ የሚያቁር ማሳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዝናብ የተመኘ ሰው ዝናብ ሲበዛ ሰብሉ ይታመማል ብሎ ማሰብ ይከብደዋል። ስንዴ ግን በውሃ ብዛትም ይሞታል። የሚያሳዝነው፣ ምልክቱ ቅጠል ላይ ሲታይ ሥሩ ከተጎዳ ቀናት አልፈዋል። ስለዚህ ማሳው ምን ያህል እንደሚያሰጋ ቀድሞ መገመት ያስፈልጋል። ይህን ግምት የሚያበላሹ ጥቂት አባባሎች አሉ።

«ላዩ ላይ ውሃ ካልተኛ ችግር የለም»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስንዴን የሚጎዳው በዓይን የምናየው ኩሬ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ አካባቢ የቆመው ውሃ ነው። ሥር ይተነፍሳል። አየሩን የሚያገኘው በአፈሩ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ነው። ክፍተቶቹ በውሃ ሲሞሉ አየር መግቢያ ያጣል፤ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጭበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል። እዚያው የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ደግሞ ሥሩና የአፈር ተሕዋስያን ተሻምተው በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሷታል። ላዩ ደርቆ በጫማ የሚረገጥ ሆኖ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ታች ሥሩ ታፍኖ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚያሳያችሁ አካፋ ነው። ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃው የት ላይ እንደሚቆም እዩ። አሸዋማ አፈር ላይ ቶሎ ይታወቃል። ሸክላማ አፈር ላይ ውሃው ቀስ እያለ ስለሚሰርግ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ውሃው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቆሞ ለቀናት ካልወረደ አደጋ አለ። ጎኑ የተበሳሳ ቱቦ ቀብራችሁ አፉን ብትከድኑት ደግሞ ወቅቱን ሙሉ በየጊዜው መለካት ትችላላችሁ። ስትቆፍሩ አሽትቱም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት አፈር ኦክስጅን አልቆበታል።

በበጋ ብትቆፍሩም አፈሩ ያለፈውን ይነግራችኋል። ግራጫ መደብ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ያ ቦታ እየጠገበ እየደረቀ የኖረ ነው። እኔ ብሆን ማሳ ከመከራየቴ በፊት መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

«ተዳፋት መሬት አያቁርም»

ያቁራል። ከላይ አሸዋማ፣ ከታች ሸክላ የሆነ መሬት ተዳፋት ላይም ቢሆን ውሃ ይይዛል። በየዓመቱ እኩል ጥልቀት ሲታረስ የኖረ ማሳም ከማረሻው በታች ጠጥሮ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሊፈጥር ይችላል። ተዳፋቱ ለጥ የሚልበት ቦታ በተለይ ይታይ።

«ዋናው የዘነበው መጠን ነው»

የዝናቡን መጠን ብቻ ይዞ መገመት አይቻልም። የጠገበ አፈር ላይ የወረደ 20 ሚሊ ሜትር፣ ደረቅ አፈር ላይ ከወረደ 60 ሚሊ ሜትር የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ሰማዩ ለብዙ ቀን ደመናማ ከሆነ ትነቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም ይቆያል። የሚጠየቀው ጥያቄ «አፈሩ ከዝናቡ በፊት ምን ያህል ጠግቦ ነበር?» የሚለው ነው።

«ስንዴ ጥቂት ቀን ውሃ ቢተኛበት ምንም አይሆንም»

መልሱ በሰብሉ ዕድሜና በአፈሩ ሙቀት ይወሰናል። ዘሩ ጎንቁሎ ገና ከአፈር ሳይወጣ ውሃ ከተኛበት፣ በቀናት ውስጥ ብዙው ሊበሰብስ ይችላል። በዚያ ጊዜ የጠፋ ቡቃያ አይተካም። ከበቀለ በኋላ ይሻላል። ከስሩ ተጨማሪ ቡቃያ በሚያወጣበት ጊዜ ቢጎዳ እንኳ፣ ውሃው ቶሎ ከሄደና ቀሪ ጊዜ ካለው የተወሰነውን ሊያካክስ ይችላል። ግንዱ ሲረዝምና ዛላ ሊያወጣ ሲል ግን ማካካሻ ጊዜው አጭር ነው፤ የፍሬው ቁጥር የሚወሰነውም በዚያው ሰሞን ነው።

ሙቀቱም አይረሳ። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥሩም ተሕዋስያኑም ቀስ ብለው ስለሚተነፍሱ ኦክስጅኑ ይቆያል። አፈሩ ከሞቀ ያው የቀን ቁጥር የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ «አምና አንድ ሳምንት ተኝቶበት ምንም አልሆነም» የሚለው ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም።

«ቢጫ ከሆነ ወዲያው ዩሪያ ይጨመርበት»

ቢጫው እውነትም የናይትሮጂን እጥረት ሊሆን ይችላል። የታፈነ ሥር ናይትሮጂን መሳብ ስለሚያቅተው ተክሉ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። ለዚህ ነው ቢጫው ከታች የሚጀምረው። ነገር ግን አፈሩ ገና ውሃ እንደያዘ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ መበተን ነው። ኦክስጅን በሌለበት አፈር ተሕዋስያን ናይትሬቱን (ሥር የሚስበውን የናይትሮጂን ዓይነት) ወደ ጋዝ ቀይረው አየር ላይ ይለቁታል፤ የቀረውም በውሃ ታጥቦ ይወርዳል። መጀመሪያ ውሃው ይውረድ። ከዚያ ጥቂት ተክሎችን ነቅላችሁ ሥራቸውን እዩ። ነጭ አዲስ ሥር ካለ ማዳበሪያው ተቀባይ አለው። ሁሉም ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ አትቸኩሉ።

«ውሃው ከሄደ ስንዴው ዳነ»

ይሄኛው ልብ ይሰብራል። ቅጠሉ መልሶ አረንጓዴ ሲሆን ሰው እፎይ ይላል። ሥሩ ግን አጥሮ ቀርቷል። ታች ያለው ሞቶ፣ አዲሱ የበቀለው ላይ ላዩን ነው። በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ጎረቤቱ ያለው ስንዴ ከጥልቁ እርጥበት ሲጠጣ፣ ይሄኛው አይደርስበትም። ፍሬው ኮስምኖ ይቀራል። ታዲያ ምርት ስትገምቱ ውሃ ያቆረበትን ክፍል ለብቻው ቁጠሩት።

«ከተዘራ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም»

ሙሉ መፍትሔው፣ ማለትም ከፍ ያለ መደብ መሥራትና ቦይ ማውጣት፣ ከዘር በፊት ነው። ቢሆንም ከተዘራ በኋላም ውሃው የሚጠራቀምበትን ዝቅ ያለ ቦታ ከመውጫው ጋር የሚያገናኝ ቦይ መክፈት ይቻላል። የተደፈነ መውጫ ካለም ይጠረግ። የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይለቀቅ ተነጋግሮ ነው ታዲያ። ዝናቡ ባቆመ ማግስት ማሳውን ዞራችሁ የሚያቁሩትን ቦታዎች በችካል ምልክት አድርጉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቦይ የሚጀምረው ከእነዚያ ችካሎች ነው።