የቪዲዮ ኮዴክ ፕለጊኖችን ለምስል ማዋሃጃ ሶፍትዌር ማጠናቀር

የምስል ማዋሃጃ ሶፍትዌር፣ በተለምዶ አጠራሩ ኮምፖዚቲንግ፣ በተለያየ ቦታና ጊዜ የተቀረጹ ምስሎችን ደርቦ አንድ ትዕይንት የሚያወጣ የፊልም ሥራ መሣሪያ ነው። በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት የተቀረጸች ተዋናይ ተራራ ጫፍ ላይ የቆመች መስላ የምትታየው በዚህ ሥራ ነው። ኑክ፣ ፊውዥን እና ናትሮን በዘርፉ ከታወቁት መካከል ናቸው። እነዚህ ፕሮግራሞች ስሌታቸውን የሚያካሂዱት በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ሲሆን ካሜራ የሚሰጣቸው ግን ታምቆ የተቀመጠ ፋይል ነው። የታመቀውን የሚፈታው፣ ሥራው ሲያልቅም መልሶ የሚያምቀው ኮዴክ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ከዋናው ፕሮግራም ተነጥሎ በፕለጊን፣ ማለትም በላዩ በሚሰካ ተጨማሪ ክፍል መልክ ይቀርባል። የፕለጊኑን የምንጭ ኮድ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፋይል መለወጥ ማጠናቀር፣ የሚለውጠው ፕሮግራም ደግሞ ኮምፓይለር ይባላል፤ ማጠናቀሩም ለዊንዶውስ፣ ለማክኦኤስና ለሊኑክስ ለየብቻ መደረግ አለበት።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ አንድን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ መስጠት ይመስላል፤ ሆኖም ከዚያ በእጅጉ ይከብዳል። ኮዴኩ ውስጥ ያለው ስሌት በሦስቱም ስርዓተ ክወናዎች ያው ነው። የሚያስቸግረው ፕለጊኑ ከአስተናጋጁ፣ ማለትም ከሚሰካበት ፕሮግራም ጋር የሚገናኝበት ድንበርና ተከትለውት የሚመጡት ላይብረሪዎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የተቀመጡ የኮድ ስብስቦች ናቸው። እነዚህን ሁለቱን በቅጡ የያዘ ሰው ቀሪውን ይወጣዋል።

ድንበሩን በተመለከተ ትልቁ ውለታ የኦፕንኤፍኤክስ ነው። ይህ ለምስል ማሳመሪያ ፕለጊኖች የወጣ ክፍት ደረጃ በብሪታንያው ዘ ፋውንድሪ ኩባንያ በብሩኖ ኒኮሌቲ የተጀመረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 (ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፊልም ሥራ ክፍት ሶፍትዌሮችን በሚያስተዳድረው በአካዳሚ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር ገብቷል። ደረጃው የወሰነው አንድ ነገር የብዙዎችን ድካም አቅልሏል፦ ፕለጊኑና አስተናጋጁ የሚነጋገሩት በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ደንብ ብቻ ነው። ከሲ የተወለደው ሲፕላስፕላስ የተጠናቀሩ ተግባራትን፣ ማለትም በስም የሚጠሩ የኮድ ክፍሎችን፣ ስም የሚጽፍበትና በማኅደረ ትውስታ ላይ መረጃ የሚያስቀምጥበት መንገድ ከኮምፓይለር ኮምፓይለር ይለያያል፤ የሲ ደንብ ግን በአንድ ስርዓተ ክወና ላይ ለዘመናት ሳይለወጥ ቆይቷል። ስለዚህ በኦፕንኤፍኤክስ የተሠራ ፕለጊን ለውጭው ዓለም ሁለት ተግባራትን ብቻ ማሳየት ይበቃዋል፤ አንዱ ፋይሉ ውስጥ ስንት ፕለጊን እንዳለ ይናገራል፣ ሌላው ከእነርሱ የተጠየቀውን ያስረክባል። ከዚህ በተቃራኒ ኑክ በራሱ የሲፕላስፕላስ መሣሪያ ለሚሠሩ ፕለጊኖች በየዋናው እትም እንደገና መጠናቀርን ይጠይቃል።

ደረጃው መጀመሪያ የታሰበው ለማሳመሪያ እንጂ ለፋይል ንባብ አልነበረም። ፋይል ለሚያነቡና ለሚጽፉ ፕለጊኖች የሚሆነው የደረጃው ተጨማሪ ክፍል የመጣው ቱትልኦኤፍኤክስ ከተባለው ክፍት ፕሮጀክት ሲሆን ናትሮንም ተቀብሎታል። ናትሮን በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም ኢንሪያ በአሌክሳንደር ጎቲዬና በፍሬዴሪክ ዴቨርኔ የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ስሙን ያገኘው ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ በሰሜን ታንዛኒያ ከሚገኘው፣ የሞቱ እንስሳትን በጨውና በሶዳው አድርቆ ከሚያቆየው የናትሮን ሐይቅ። ቪዲዮ የሚያነበውና የሚጽፈው ፕለጊኑ ቀጥሎ በምናየው በኤፍኤፍምፔግ ላይ የቆመ ነው፤ የምንጭ ኮዱም ሆነ የማጠናቀሪያ ስክሪፕቶቹ ለማንም ክፍት በመሆናቸው ዘርፉን ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ኤፍኤፍምፔግ በፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2000 የተጀመረ የላይብረሪዎች ስብስብ ነው፤ አንዱ ኮዴኮቹን ይይዛል፣ አንዱ የፋይል ዓይነቶችን ያውቃል፣ ሌላው የምስል መጠንና የቀለም ዓይነት ይለውጣል። ፕለጊን ሠሪው መጀመሪያ የሚያጠናቅረው እርሱን ነው። ፈጣን የሆነው ክፍሉ ለማቀነባበሪያው ቅርብ በሆነው በአሴምብሊ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ለኢንቴል ዓይነት ማቀነባበሪያዎች ናስም የተባለው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱን ትቶ ማጠናቀር ቢቻልም ውጤቱ እጅግ ይዘገያል። ሌላው መታወቅ ያለበት ኤፍኤፍምፔግ የቆዩ ተግባራትን በጊዜው የሚሰርዝ መሆኑ ነው። በጥር 2022 የወጣው 5.0 እትም ቪዲዮ ለመፍታት ለዓመታት ሲያገለግሉ የነበሩ ተግባራትን አስወግዷል፤ ለ4ኛው እትም የተጻፈ ፕለጊን ሳይታደስ በ5ኛው ላይጠናቀር ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ የኤፍኤፍምፔጉን እትም ቁጥር ቆርጦ ይወስናል፤ ከስርዓተ ክወናው ጋር የመጣውን ዝም ብሎ አይወስድም።

በሊኑክስ ላይ የመጀመሪያው መሰናክል ጂሊብሲ የተባለው መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ነው። በአዲስ ሊኑክስ የተጠናቀረ ፋይል አዲስ ጂሊብሲ ይጠይቃል፤ በአሮጌው ላይ አይከፈትም። በአሮጌው የተጠናቀረ ግን በአዲሱ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የሚጠናቀረው ለማገልገል ከታሰቡት ስርዓቶች ሁሉ በሚያረጀው ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ይህ ሚና ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነበር፤ የያዘው ጂሊብሲ 2.17 ሲሆን ድጋፉ በሰኔ 2024 አበቃ። የፊልም ኢንዱስትሪው በዚህ ጉዳይ እያንዳንዱ የየራሱን እንዳይዝ በሚል ከ2014 ጀምሮ ቪኤፍኤክስ ሬፈረንስ ፕላትፎርም የሚባል ዓመታዊ ስምምነት ያወጣል፤ የትኛው ኮምፓይለር፣ የትኛው ጂሊብሲ፣ የትኛው ፓይተን በዚያ ዓመት መሠረት እንደሚሆን የሚወስነው ሰነድ ይህ ነው። ያለ እርሱ ሥራው ምን ያህል የተበታተነ ይሆን እንደነበር ማሰብ ያዳግታል።

ሁለተኛው የሊኑክስ መሰናክል ስውር ነው፤ ሰውን ለቀናት የሚያደክመውም እርሱ ነው። አስተናጋጁ ፕሮግራም ራሱ ኤፍኤፍምፔግ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፕለጊኑም የራሱን ይዞ ሲገባ በአንድ እየሄደ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት የተለያዩ እትሞች ይገናኛሉ፤ የተግባራቱ ስም ግን አንድ ነው። ሊኑክስ ስም ሲፈልግ በቅድሚያ የተጫነውን የመውሰድ ልማድ ስላለው ለአዲሱ እትም የተጻፈው ፕለጊን የአሮጌውን ተግባር ይጠራል፤ የመረጃው አቀማመጥ ስለማይገጥም ፕሮግራሙ ባልታሰበ ቦታ ይወድቃል። ስህተቱም ፕለጊኑ በተከፈተ ቁጥር አይታይም፤ ቪዲዮ ሲነበብ ብቻ፣ ያውም በአንዳንዱ አስተናጋጅ ብቻ ይከሰታል። መፍትሔው ኤፍኤፍምፔግን በፕለጊኑ ፋይል ውስጥ አጣምሮ መዝጋትና ከሁለቱ አስፈላጊ ተግባራት በቀር ሌሎቹን ስሞች ሁሉ ከውጭ መሰወር ነው። ሲጣመርም የአሴምብሊው ክፍል እንቅፋት እንዳይሆን ለአገናኙ መሣሪያ ስሞችን በፋይሉ ውስጥ እንዲፈልግ መንገር ያስፈልጋል፤ የኤፍኤፍምፔግ ሰነድ ራሱ ይህን ይመክራል።

በዊንዶውስ ላይ ኤፍኤፍምፔግ በአብዛኛው የሚጠናቀረው ኤምሲስ2 በተባለው፣ የሊኑክስ መሣሪያዎችን ወደ ዊንዶውስ ባመጣው አካባቢ ነው። አስተናጋጆቹ ግን ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት ቪዥዋል ስቱዲዮ የተሠሩ ናቸው። የሁለቱ ሲፕላስፕላስ አይግባባም። የኦፕንኤፍኤክስ የሲ ድንበር ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ነው፤ በአንዱ የተጠናቀረው ፕለጊን በሌላው በተጠናቀረው ፕሮግራም ውስጥ ያለችግር ይገባል። የሚቀረው የኮምፓይለሩን የራሱን ላይብረሪዎች አብሮ ማጓዝ ነው። አንዱ ከጎደለ ዊንዶውስ ፕለጊኑን ማግኘት እንዳልቻለ ይናገራል እንጂ የጎደለውን ላይብረሪ ስም አይጠራም፤ ፋይሉ በቦታው እያለ አልተገኘም መባሉ ብዙ ጀማሪዎችን አሳስቷል።

የፋይል ስም ነገር ለእኛ ጠለቅ ያለ ትርጉም አለው። ለግዕዝ ፊደል የተመደበ የቆየ የዊንዶውስ ኮድ ገጽ፣ ማለትም የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ፣ ኖሮ አያውቅም፤ ፊደላችን በኮምፒውተር የሚጻፈው የዓለምን ፊደላት በአንድ ላይ በሚይዘው በዩኒኮድ ነው። ኦፕንኤፍኤክስም ኤፍኤፍምፔግም የፋይል ስምን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ይቀባበላሉ። በመካከል ግን ፕለጊን ሠሪው ስሙን በቆየው የዊንዶውስ መንገድ ካሳለፈው «ሠርግ» ወይም «ጥምቀት» ተብሎ የተሰየመ ቪዲዮ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ አይከፈትምም። በላቲን ፊደል ብቻ የፈተነ ሰው ይህን ጉድለት አያየውም። ስለዚህ ፕለጊን የሚያጠናቅር አማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ከመፈተኛዎቹ መካከል ቢያኖር ለራሱም ለሌላውም ይጠቅማል።

ማክኦኤስ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፕል በኅዳር 2020 የራሱን ማቀነባበሪያ ኤም1ን ካወጣ ወዲህ ሁለት የማቀነባበሪያ ዓይነቶች፣ የኢንቴልና የአፕል፣ ጎን ለጎን አሉ፤ ኤፍኤፍምፔግ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይጠናቀርና በአንድ ፋይል ይዋሃዳል። ፕለጊኑ ከአስተናጋጁ ጋር መመሳሰል አለበት፤ አስተናጋጁ የኢንቴል ፕሮግራሞችን በአዲሱ ማክ በሚያስኬደው በሮዜታ አማካይነት እንደ ኢንቴል ፕሮግራም ከሄደ የሚጫነው የኢንቴሉ ክፍል ነው። ከዚያ ኮዱ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ይመጣል። በአዲሶቹ ማኮች ላይ ለአፕል ማቀነባበሪያ የተጠናቀረ ያልተፈረመ ኮድ ጨርሶ አይሄድም፤ ከፈረሙ በኋላ ፕለጊኑ ላይብረሪውን የሚፈልግበትን የፋይል መንገድ መለወጥ ደግሞ ፊርማውን ያበላሻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መንገዶቹን ማስተካከል፣ መጨረሻ ላይ መፈረም ነው። ይህም ሆኖ አስተናጋጁ ጥብቅ የጥበቃ ስርዓት ከያዘና የሌላ ሠሪ ላይብረሪ እንዲጭን ፈቃድ ካልተሰጠው ፕለጊኑን ሊመልሰው ይችላል፤ ያንን ከፕለጊኑ በኩል ማስተካከል አይቻልም።

ይህን ሁሉ ድካም ለምን እንደሚሸከሙት ለሚጠይቅ የ2016 ሚያዝያ መልስ ይሰጣል። የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ትሬንድ ማይክሮ፣ የአፕል ቪዲዮ ማጫወቻ በሆነው በዊንዶውሱ ኩዊክታይም ሁለት የደኅንነት ቀዳዳዎች ማግኘቱን አስታወቀ፤ አፕል ማስተካከያ የማያወጣለት በመሆኑ የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር አደጋ ተቋም ተጠቃሚዎች ሶፍትዌሩን ከኮምፒውተራቸው እንዲያስወግዱ መከረ። በዊንዶውስ ላይ በርካታ የፊልም ፕሮግራሞች የአፕልን ኮዴክ ፕሮሬስንና መሰሎቹን የሚያነቡት በኩዊክታይም በኩል ነበር። በ2019 ደግሞ ማክኦኤስ ካታሊና የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ሲያቆም ኩዊክታይም 7 በማክም አበቃ። ኮዴኩን ከምንጭ ኮድ ማጠናቀር የሚችል ሰው ግን ፋይሎቹን መክፈት ቀጠለ።

ፈቃድን የናቀ ሰው ጥሩ ሥራውን ማሰራጨት አይችልም። ኤፍኤፍምፔግ በመሠረቱ ላላ ያለ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ አለው፤ ቪዲዮ የሚያምቁት ላይብረሪዎች ኤክስ264 ወይም ኤክስ265 ሲጨመሩ ግን ሁሉም ጂፒኤል በተባለው ጠበቅ ያለ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ሥር ይወድቃል፣ የምንጭ ኮዱን አብሮ መስጠትም ግዴታ ይሆናል። አንዳንድ ክፍሎች ከጂፒኤል ጋር ሲደባለቁ ውጤቱን ለሌላ ሰው መስጠት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ለራስ ብቻ ነው። ፓተንት ደግሞ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ለኤች264 የቪዲዮ ማመቂያ ደረጃ የሠራውን ኮዴክ ኦፕንኤች264ን ሲያቀርብ የፓተንት ክፍያውን የሸፈነው ራሱ አጠናቅሮ ለሚያሰራጨው ፋይል ነው፤ ያንኑ ኮድ ራሱ ያጠናቀረ ሰው ያ ሽፋን አይደርሰውም። ፕሮሬስን በተመለከተ አፕል ፈቃድ ያልሰጣቸው አሠራሮች ችግር ሊያመጡ እንደሚችሉ ያሳስባል፤ ኤፍኤፍምፔግንም በስም ይጠቅሳል። ለስርጭት ድርጅት ማስተር፣ ማለትም የፊልሙን የመጨረሻ ዋና ቅጂ፣ የሚያስረክብ ሰው ይህን አውቆ መወሰን አለበት።

ተጠናቅሮ፣ ተፈርሞ፣ ተጭኖ ምስሉ በመታየቱ ብቻ ሥራው ትክክል ነው ማለት አይደለም። ቪዲዮ ብርሃንና ቀለም ተለያይተው ይቀመጡበታል፤ ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲመለስ 601 የተባለው የቆየው ቀመር ወይም 709 የተባለው የኤችዲ ቀመር ይሠራበታል። ከተምታታ ቀዩና አረንጓዴው በጥቂቱ ይለወጣል፤ ለዓይን እምብዛም አይታይም፣ አረንጓዴ መጋረጃን ሲቆርጡ ግን ያስቸግራል። በ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁር 16 ነጭ 235 ሆኖ የተቀዳው ከ0 እስከ 255 እንደሆነ ከተነበበ ምስሉ ይደበዝዛል። አንድን ፍሬም፣ ማለትም የቪዲዮውን አንድ ነጠላ ምስል፣ በቁጥር መጥራትም ፈተና ነው፤ ኤች264 ፍሬሞችን ከቀዳሚና ከተከታይ ጋር አዛምዶ ስለሚያስቀምጥ ወደ 100ኛው ዝለል የተባለ ፕለጊን 99ኛውን ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሠሪዎች በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ቁጥሩ የተጻፈበትና የቀለም ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ አጭር ቪዲዮ አዘጋጅተው በሦስቱም ስርዓቶች የወጣውን ውጤት ፒክስል በፒክስል የሚያነጻጽሩት።