ያገለገለ ጠመንጃ በባዛር መሸጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኦክላሆማ ግዛት ቱልሳ ከተማ በሚካሄደው ዓይነት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጠረጴዛዎች በሚዘረጉበት የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ባዛር ጠመንጃውን ለመሸጥ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ተቆጥቶ ይመለሳል። ቁጣው የሚመጣው ከቤቱ ይዞት ከወጣው ግምት ነው።

«ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ሲጠይቀኝ ሊያታልለኝ ነው።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ጠረጴዛ ላይ የእርስዎን በሚመስል ጠመንጃ 500 ዶላር ተጽፎ ቢያዩ፣ ያ ነጋዴው ከገዢ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ገዢውም ተከራክሮ ምናልባት ወደ 450 ያወርደዋል። ከዚያ ላይ የጠረጴዛ ኪራይ፣ የመንገድ ወጪ፣ ዕቃው እስኪሸጥ ለወራት የሚታሰር ገንዘብ፣ በመጨረሻም የነጋዴው ትርፍ ይነሳል። ስለዚህ 275 ወይም 300 ዶላር ቢልዎ አይቀየሙ። ሙሉ ዋጋ የሚፈልግ ሰው በሕጉ መሠረት ለግለሰብ ይሽጥ፤ ወይም ሱቅ ውስጥ በኮሚሽን ያስቀምጥና ይታገሥ።

«ካደስኩት ዋጋው ይጨምራል።»
ይህ ስህተት ያሳዝነኛል፤ የተፋቀ መመለሻ የለውምና። ዊንቸስተር ሞዴል 70 የተባለውን የአደን ጠመንጃ እንውሰድ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1964 ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ስለለወጠ፣ ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት የተሠራውን አብልጠው ይፈልጋሉ። ባለቤቱ ግን «ላሳምረው» ብሎ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ብረቱንም አዲስ ቀለም ያስነክረዋል። ነጋዴው ጠመንጃውን ወደ መብራት ያዞራል፤ በአውራ ጣቱ የደበዘዙትን የፋብሪካ ፊደላት ይዳስሳል። ዋጋው አፉን ሳይከፍት ወርዷል። ቀለል ያለ ዘይት በጨርቅ መቀባት ይበቃ ነበር።

«የገጠምኩበት የማነጣጠሪያ መነጽር ይታሰብልኛል።»
እምብዛም። ነቅሎ ለብቻው መሸጥ ይሻላል። የመጀመሪያው ሳጥንና ትርፍ የጥይት ካዝና ግን ይረዳሉ።

«መጀመሪያ ዋጋ የጠራ ይሸነፋል።»
ነጋዴው «ስንት ትፈልጋለህ?» ማለቱ አይቀርም፤ «አንተ ንገረኝ» የሚል መልስም ያልተዘጋጀ ሻጭ ምልክት ነው። ልምድ ያላቸው ሻጮች ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት በቀጭን እንጨት ላይ ለጥፈው አፈሙዙ ውስጥ ይሰኩና በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዘዋወራሉ። ቢያንስ ሦስት ነጋዴ ሳይጠይቁ አይሽጡ።

«ባዛር ውስጥ ሕግ የለም።»
ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሲገዛ የሻጩን ስምና አድራሻ በመዝገቡ ያሰፍራል፤ ሲሸጥም እንደ ሱቁ ሁሉ የገዢውን ማንነትና የወንጀል ታሪክ ያስጣራል። ግለሰብ ለሌላ ግዛት ነዋሪ በቀጥታ መሸጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሽያጩ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። እንደ ኮሎራዶ ያሉ ግዛቶች ደግሞ በአንድ ግዛት ነዋሪዎች መካከልም ማጣራት ይጠይቃሉ፤ ኮሎራዶ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ጠመንጃውን ጭነው ከመሄድዎ በፊት የግዛትዎን ሕግ ያንብቡ፤ ጥይቱንም እቤት ያውጡት፤ ጠመንጃው በር ላይ ተፈትሾ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራልና።