የላጉን መመሪያ ይዞ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ፦ ስለ ዙፕላንክተን የተሳሳቱ ግምቶች

በውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፉት ጥቃቅን እንስሳት፣ ስለ ዙፕላንክተን፣ የሚነበበው መመሪያ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ለላጉን ነው፤ በጠባብ አፍ ከባሕር ጋር ለሚገናኝ የዳርቻ ውሃ። ያንኑ ይዞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ጀልባ ላይ የሚወጣ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

«ሐዋሳ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ጨዋማ ነው»

አይደለም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ውሃው በከርሰ ምድር እየሰረገ ጨዉን ይዞ ስለሚሄድ የሚቀረው ጨው በሊትር ከ1 ግራም በታች ነው። ባሕር 35 ግራም አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ ለላጉን የሚመከረው ሪፍራክቶሜትር (ጨውን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) እዚህ ዜሮ ያነባል። መሣሪያው ተበላሸ ብሎ መመለስ አያስፈልግም፤ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ) ይያዙ፣ በ1413 ማይክሮሲመንስ መለኪያ ፈሳሽ ያስተካክሉት፣ ንባቡንም በ25 ዲግሪ ይመዝግቡ።

«ጨው ከበዛ ሕይወት የለም»

የዝርያው ዓይነት ይቀንሳል እንጂ ቁጥሩ የግድ አይቀንስም። ጨው የሚችሉ ጥቂቶች ተቀናቃኝ አጥተው ይበዛሉ።

«ዙፕላንክተን ውሃ ወደ ወሰደው ይሄዳል»

በከፊል እውነት ነው። ላጉን ውስጥ የባሕሩ ውሃ በጨረቃ ስበት ሲሞላ እንደ አካርቲያ ያሉ የባሕር ኮፔፖዶች (የሸርጣን ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን እንስሳት) ይገባሉ፤ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲሸሽ በዚያው ቦታ የወንዝ ዝርያዎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ግን ሲሞላ ወደ ላይ፣ ሲሸሽ ወደ ታች እየሄዱ ከላጉኑ አይወጡም። ሰዓት ያልተጻፈበት ናሙና እዚያ ዋጋ የለውም።

ሐዋሳ ላይ የጨረቃ ስበት የሚያመጣው የውሃ ከፍታ ለውጥ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ነው። የከሰዓቱ ሞገድ የነፋስ ነው። እዚህ ሰዓት የሚቆጥረው ፀሐይ ነው፤ ብዙዎቹ ቀን ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ማታ ይወጣሉ። ቀን ከላይ ብቻ በባልዲ የቀዳ «ሐይቁ ባዶ ነው» ቢል አይገርምም። መረቡን ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ አድርጎ በቀስታ ቀጥ ብሎ መሳብ ይሻላል።

«መረብ ያው መረብ ነው»

ቀዳዳው 200 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) በሆነ መረብ ሮቲፈሮች፣ ከዙፕላንክተን እጅግ ደቃቆቹ፣ ያመልጣሉ፤ 64 ማይክሮን ያስፈልጋል። ችግሩ ደቃቁ መረብ ሐይቁ በአልጌ ሲያረንጓድ ይደፈናል። አፉ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መረብ 10 ሜትር ሲሳብ 700 ሊትር ገደማ ያጣራል ተብሎ ይሰላል። ከተደፈነ ግን ያጣራው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይወጣል። ገመዱ ከበደ፣ ውሃው በአፉ በኩል ተመልሶ ከፈሰሰ፣ ናሙናውን ደፍቶ መረቡን አጥቦ በ5 ሜትር በ5 ሜትር መድገም ነው።

ናሙናው እንዳይበሰብስ ጠርሙሱ ውስጥ 4 በመቶ ፎርማሊን ሲጨመር ስኳር አይረሳ፦ በሊትር 40 ግራም። ያለዚያ እንደ ዲያፋኖሶማ ያሉት የውሃ ቁንጫዎች ያብጡና እንቁላላቸው ይወድቃል፤ ስንቷ እንቁላል እንደያዘች መቁጠር አይቻልም።