የሶፍትዌር ማከማቻን በራስ-ሰር ማደስና ይፋ ማድረግ፦ በጎጃም ሁኔታ

ሪፖዚተሪ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና የተጫነባቸው ማሽኖች ፕሮግራምና የደኅንነት ማስተካከያ የሚያወርዱበት የፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ፋይል) ክምችት ነው። ብዙ ማሽን ያለው ተቋም አንድ ቅጂ በግቢው ሰርቨር ላይ ያስቀምጥና ሁሉም ከዚያ እንዲወስዱ ያደርጋል፤ ቅጂው ሚረር ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ባላቸው የጎጃም ከተሞች፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ፣ ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ሙሉ የኮምፒውተር ላብ ያንኑ ፋይል በየፊናው ከውጭ ሲጎትት መስመሩ ለሌላ ሥራ አይተርፍም።

ሥራው ሁለት እርከን አለው፦ ከምንጩ ጋር ማመሳሰልና ለተጠቃሚ ማሽኖች ይፋ ማድረግ። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ስክሪፕት (በራሱ የሚሠራ የትእዛዝ ፋይል) ጠቅልሎ ይተዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። መብራት ወይም መስመር መሃል ላይ ሲቋረጥ ማውጫው (የፓኬጆቹ ዝርዝር) ታድሶ ፓኬጆቹ ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ተጠቃሚው ማሽን የሌለ ፋይል ይፈልጋል። የማውጫ ፋይሎቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ደግሞ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ «ሀሽ ሰም ሚስማች» (የፋይሉ ማረጋገጫ ቁጥር አልገጠመም) የሚለው መልእክት ይመጣል። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን ይህን የሚከላከለው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ፓኬጆቹ፣ ቀጥሎ ማውጫው ይገባል፣ አሮጌው በመጨረሻ ይሰረዛል።

አፕትሊ የሚባለው መሣሪያ የሚረሩን ስናፕሾት (የወቅቱን ይዘት የማይለወጥ ቅጂ) ያነሳና ማሽኖቹ የሚያዩትን ወደ አዲሱ ስናፕሾት ያዞራል። ፑልፕ 3 የተባለው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ማመሳሰሉ ለውጥ ባመጣ ቁጥር አዲስ የሪፖዚተሪ ቨርዥን ይፈጥራል። ለአርፒኤም (እንደ ሬድ ሃት ያሉ ሊኑክሶች የሚጠቀሙት የፓኬጅ ዓይነት) ሪፖዚተሪ «አውቶፐብሊሽ» የሚባለው ምርጫ ከበራ ቨርዥኑ ወዲያው ይታተማል፤ ዲስትሪቢዩሽኑ (ይዘቱ ለማሽኖቹ የሚቀርብበት አድራሻ) ከሪፖዚተሪው ጋር ከተያያዘም ማሽኖቹ ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት አዲሱን ያገኛሉ። ማመሳሰሉ መንገድ ላይ ከወደቀ የትናንቱ ይዘት እንዳለ ይቆያል፤ ለእኛ አገር መስመር ከዚህ የተሻለ ባሕርይ አላውቅም። ሆኖም ሁሉንም ሳያዩ መልቀቅ አይመከርም። የደኅንነት ማስተካከያው በራሱ ይውጣ፣ ሌላው ግን አስቀድሞ በአንድ ላብ ይሞከር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋረጠው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አድሚኑ (የሰርቨሩ ተቆጣጣሪ) ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ገብቶ የተሰናከለ ሥራ ማቃናት አይችልም፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ ራሱ ደጋግሞ የሚሞክር፣ ካልተሳካለትም ምንም ሳይነካ የሚወጣ መሆን አለበት። የግቢው መስመርም ለብዙ ቀን ከጠፋ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የዴቢያን የደኅንነት ማውጫ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ተጽፎበታል፤ ቀኑ ካለፈ ማሽኖቹ አሮጌውን ሚረር አይቀበሉም። ፍተሻውን ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ሰው ሆን ብሎ ያረጀ ማውጫ ቢያቀርብ የሚያስጠነቅቅ አይኖርም። መስመሩ እስኪመለስ ጊዜያዊ መፍትሔ ካልሆነ በቀር አይበጅም።

ፊርማውም መታሰብ አለበት። አፕትሊ ያወጣውን ማውጫ በጂፒጂ ቁልፍ (ማውጫው እንዳልተነካካ ለማረጋገጥ በሚያገለግል የዲጂታል ፊርማ ቁልፍ) ይፈርማል፤ ሌሊት ላይ የይለፍ ቃል የሚያስገባ ሰው ስለሌለ ቁልፉ ማሽኑ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ቁልፍ መጠቀም፣ ሰርቨሩንም ለሌላ አገልግሎት አለማጋራት ይሻላል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ግቢው ጸጥ በሚልበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሥራው እንዲጀምር የፈለገ ሰው፣ በፈረንጅ ሰዓት በሚቆጥረው ክሮን (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስጀምር የሊኑክስ መሣሪያ) ላይ 8 ብሎ ከጻፈ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ተማሪው ላብ ሲገባ፣ ማውረድ ይጀምራል። መጻፍ ያለበት 2 ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) የሚሄድ ከሆነ ደግሞ 23።