የበላይና የበታች ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚታየው ጌታና ሎሌ ብቻ ነው። ነገሩ ግን ደረጃ አለው፤ አንድ ቡድን የበላይም የበታችም ሊሆን ይችላል።

የጅማን ታሪክ እንይ። ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገበሩ። ሳይዋጉ ስለገበሩ የውስጥ አስተዳደሩ ለእሳቸው ተተወላቸው፤ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ማለት ነው። የበታች ሆነውም የሚደራደሩበት ነገር ነበራቸው። የግብሩ ሸክም ግን ያረፈው ገበሬው ላይ ነው። ከገበሬው በታች ደግሞ ሂርማታ በሚባለው የጅማ ገበያ ላይ የሚሸጥ ባሪያ ነበር። ለእሱ ድርድር የሚባል ነገር የለም። (ስለ ሰላማዊ መገበር ሲወራ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል።)

ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ። አዋጅ ግን ባርነቱን ነው የሚከለክለው። ማን ልጁን ለማን ይድራል የሚለውን አይነካም።